ሁለተኛው ዘፈን

«ዛሬ ሁለተኛው ዘፈን አልመጣም?»

እትዬ ናቸው። ቢሮ ውስጥ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ሒሳብ ይሠራሉ፤ ጠረጴዛቸው ከኔ ፊት ለፊት ነው። ይህን ሲሉኝ ቀና እንኳ አላሉም። እኔ አዲሱን ሄድፎኔን ጆሮዬ ላይ ደፍቼ፣ ከዓለም ተገልዬ ሥራዬን እየሠራሁ ነው። መስሎኝ።

«የትኛው ዘፈን፣ እትዬ?»

«ከሳክስፎኑ ቀጥሎ የሚመጣው ነዋ። ሴትዮዋ የምታለቅስበት።»

እስከ አንገቴ ድረስ ጋለኝ። ከሳክስፎኑ ቀጥሎ የሚመጣ ዘፈን አለ። ሴትዮዋም ታለቅሳለች። ያን ዝርዝር ያቀናበርኩት እኔው ነኝ፤ ለማንም አሳይቼው አላውቅም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚሰሙት?»

«ከገዛኸው ቀን ጀምሮ።» ገጽ ገለጡ። «ባለፈው ሳምንት እሷኑ ብቻ ስትመላልሳት፣ ይሄ ልጅ ተጣልቶ መሆን አለበት አልኩ። ታረቃችሁ?»

አልታረቅንም ነበር። መጣላታችንን ደግሞ ለእናቴም አልነገርኩም። እትዬ ግን ደረሰኝ እያመሳከሩ፣ በሄድፎኔ በኩል አውቀውታል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ለክፍሉ ዲጄ ሆኜ ሳገለግል ነበር ማለት ነው። ከሁሉ የከነከነኝ የሁሉም ዝም ማለት ነው። ከጀርባዬ ያለችው ልጅ ስትሰማኝ ኖራ፣ ያን ቀን ነው ሳቋ ያመለጣት።

ጥፋቱን ሄድፎኑ ላይ አልጥልም። ኋላው ክፍት ነው፤ የተሠራውም እንደዚያ እንዲሆን ነው። ሴንሃይዘር የተባለው የጀርመን ኩባንያ በ1968 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ኤችዲ 414 የተባለውን ሄድፎን ካወጣ ጀምሮ የዚህ ዓይነቱ ሄድፎን ጠባይ የታወቀ ነው። በውጭ በኩል ያለው ፊቱ ወንፊት ነው። ድምፁ ወደ ጆሮም ይገባል፣ ወደ ሰውም ይወጣል። የሰው ወሬም በዚያው ይገባል፤ የእትዬን ጥያቄ የሰማሁት ለዚህ ነው። ሙዚቃው ጭንቅላት ውስጥ የታጨቀ ሳይሆን ሰፋ ካለ ቦታ የሚመጣ የሚመስለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ቤት ውስጥ፣ ለብቻ፣ ማታ፣ ወደር የለውም።

የመከረኝ ሰው ግን «ለብቻ» የምትለዋን ዘሏታል። ኮምፒውተሮቻችንን የሚጠግንልን ባልደረባችን ነው። ስለ ድምፅ ሲያወራ ዓይኑን ይጨፍናል። «ጆሮ ያለው ሰው ዝግ አይገዛም» አለኝ። «ዝግ ማለት ሣጥን ውስጥ የተቆለፈ ሙዚቃ ነው።» እኔም ጆሮ የሌለው ሰው ላለመባል ክፍቱን ገዛሁ። በኋላ ነገሩን ሳስበው፣ ሰውየው የሚውለው ሰርቨር ክፍል ውስጥ ነው። ብቻውን። በሩን ዘግቶ። የማሽኖቹ ማራገቢያ ቀኑን ሙሉ እዚያ ይጮኻል። እንኳን የሌላ ሰው ሄድፎን፣ በር ሲንኳኳም አይሰማም። ማሽን ተበላሸ ብለን ለምን ሁለት ቀን እንደምንጠብቅ ያኔ ነው የገባኝ።

ዝግ ፍለጋ ጀመርኩ። መጀመሪያ ያሰብኩት ጩኸት የሚያጠፋውን፣ ባትሪ ያለውን ዓይነት ነበር። ከጓደኛዬ ተውሼ አንድ ቀን ዋልኩበት። የኤሲው እምምታ ድርግም አለ። ተደነቅኩ። ችግሩ፣ እምምታው ሲጠፋ የአለቃችን የስልክ ንግግር ጥርት ብሎ መጣ። ይህ መሣሪያ እንደ ሞተርና እንደ ማራገቢያ ያለውን ወጥ ድምፅ ነው በደንብ የሚበላው፤ የሰው ንግግር ላይ ያን ያህል አይሆንለትም። ስለ በጀቱ መስማት የማይገባኝን ሁሉ ሰማሁ።

ቀጥሎ ኦዲዮ-ቴክኒካ ኤም50ኤክስ የሚባለውን ዝግ ሄድፎን ሞከርኩ። ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ 38 ኦህም ብቻ ስለሆነ ላፕቶፑ ያለ ምንም አምፕ፣ ያለ ማጉሊያ መሣሪያ፣ ይነዳዋል። እኔን ያልተስማማኝ በጆሮዬ ምክንያት ነው። ጆሮዬ ትልቅ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ጫፉ ይቆጠቁጠኝ ጀመር። መነጽርም አደርጋለሁ። ይሄን ማንም አያስጠነቅቅም እንጂ፣ የዝግ ሄድፎን ትልቁ ጠላት መነጽር ነው። ክንዱ ከሄድፎኑ የጆሮ ትራስ ሥር ገብቶ ቀዳዳ ያበጃል። በዚያች ቀዳዳ ቤዙ፣ ወፍራሙ ድምፅ፣ ይሾልካል። ቤዙ ሲሳሳ እጅህ ድምፁን ይጨምራል፤ ሲጨምር ደግሞ በዚያችው ቀዳዳ ወደ ጎረቤት ይወጣል። ዞረህ ዞረህ እትዬ ጋ ነህ።

በመጨረሻ ያዝኩት ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ ነው፣ ባለ 80 ኦህሙ። ትራሱ ከፋይ ነው፤ ለመነጽሬ ክንድ ቦታ ይሰጣል። ኬብሉ ሦስት ሜትር ሲሆን አይነቀልም። ስቱዲዮ ውስጥ ለሚንቀሳቀስ ሰው የታሰበ ነው። በሁለተኛው ቀን አለቃችን ሲጠሩኝ ሄድፎኑን እንደደፋሁ ተነሣሁ። ኬብሉ ከወንበሩ እግር ጋር ተጠላልፎ ኖሮ፣ ላፕቶፑ ተከተለኝ። ማውዙ ወደቀ፣ ላፕቶፑን በአየር ላይ ያዝኩት። ከዚያ በኋላ ኬብሉን ጠቅልዬ በላስቲክ አሰርኩት።

ፈተናውን ግን አለፈ። ጓደኛዬ ጆሮ ላይ አድርጌ፣ ድምፁን በለመድኩት ልክ ከፍቼ፣ የእትዬን ጠረጴዛ ያህል ርቄ ተቀመጥኩ። ምንም አይሰማም። ከውጭ የሚገባው ስለቀነሰ ድምፁንም ዝቅ ማድረግ ቻልኩ። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት 40 ሰዓት ለሚያዳምጥ አዋቂ ሰው የድምፁ ከፍታ ልክ 80 ዴሲቤል ነው ይላል። 40 ሰዓት ደግሞ ልክ የኔ የሥራ ሳምንት ነው።

አንድ ሳምንት በሰላም አለፈ። እትዬ ምንም አላሉም። ኩራቴ ለጉድ ነበር። ያ የሰርቨር ክፍል ባልደረባችን ባለፈ ቁጥር ሆን ብዬ ሄድፎኑን አስተካክላለሁ፤ እንዲያየው።

በሁለተኛው ሳምንት ጠረጴዛዬ ተንኳኳ። አንዱን ጆሮ ገለጥ አደረግኩ። እትዬ ቆመዋል፣ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ።

«ዘፈኑስ ያው ነው» አሉ። «ዘፋኙን ለምን ቀየርክብን?»

አልገባኝም። ዞር ስል ከጀርባዬ ያለችው ልጅ አፏን በእጇ ይዛለች።

«እንዴት ማለት እትዬ?»

«ሴትዮዋ ደህና አርጋ ታለቅስ ነበራ። አንተ ግን አይሆንልህም።»

ለካ ሳንጎራጉር ነው የከረምኩት። ሙዚቃው ጆሮዬን ሞልቶት የራሴን ድምፅ ልክ አላውቀውም። በሹክሹክታ የምል መስሎኝ፣ ክፍሉ ሁሉ እንዲሰማ አድርጌ ነው የምለው። ቃላቱን በከፊል ነው የማውቀው። የማላውቀውን በዜማ እሞላዋለሁ፤ ለቅሶው ላይ ግን ቃል የለም፣ እሱን ሙሉውን ነው ያልኩት።

አሁን አንዱን ጆሮ ገልጬ ነው የማዳምጠው፤ የራሴን ድምፅ እንድሰማው። የተገለጠችዋ የሄድፎኑ ጆሮ ወደ እትዬ ዞራለች። ትናንት ሳክስፎኑ ሲያልቅ እትዬ ከደረሰኞቻቸው ላይ ቀና ሳይሉ፣

«መጣች» አሉ።