ያልተጠራው እንግዳ

ዛሬ ላፕቶፔን ገልብጬ ከፈትኩት። ሐሳቤ ቀላል ነበር፦ 8 ጊጋባይቱን ሚሞሪ አውጥቼ በ16 መተካት። አሥር ብሎን ፈታሁ፤ አንዱ ሩብ ሰዓት ወለል ላይ በሆዴ አስተኝቶኝ ሳይገኝ ቀረ። ክዳኑ ሲነሣ የሚወጣም የሚገባም ነገር አጣሁ። ሚሞሪው ከዋናው ሰሌዳ ጋር ተበይዷል።

ከዓይኔ አልጠፋ ያለው ግን ሌላ ነው። ከተበየዱት ቺፖች ጎን በነጭ መስመር የተከበቡ፣ መጠናቸው ከእነርሱ ጋር እኩል የሆነ ባዶ ቦታዎች አሉ። በውስጣቸው እንደ መርፌ ጫፍ የደቀቁ ብርማ ነጠብጣቦች ተሰልፈዋል። ለተጨማሪ ቺፕ ወንበሩ ተዘርግቷል፤ እንግዳው ግን አልተጠራም። ሙሉውን የፈለገ ገና ሲገዛ ጨምሮ መክፈል ነበረበት ማለት ነው።

ብየዳው ምክንያት የለውም አልልም። በሚሞሪውና ስሌቱን በሚሠራው ፕሮሰሰር መካከል ያለው መንገድ ሲያጥር ፍጥነት ይጨምራል፣ ኃይልም ይቆጠባል። ባትሪውን በሙጫ ማጣበቅን ግን ማንም አያሳምነኝም።

ገበያ ራሱን ያርማል የሚል ወዳጅ አለኝ። የአውሮፓ ኅብረት ግን ገበያው ራሱን እስኪያርም አልጠበቀም፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ መሠረት፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ከፌብሩዋሪ 2027 ጀምሮ የተንቀሳቃሽ ዕቃዎችን ባትሪ ተጠቃሚው ራሱ አውጥቶ መለወጥ መቻል አለበት። ይህን ስነግረው ወዳጄ «መንግሥት በእኔ ብሎን ምን አገባው?» አለኝ። ሻጩ ሲገባበት ግን አልከፋውም።

ዘጠኙን ብሎን መልሼ ገጠምኩ። አሥረኛው እስካሁን አልተገኘም።