ፍጥነት ለምኜው ዝግታ የሰጠኝ ጌታ

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ ወገኖቼ። ይሄን ምስክርነት ቸርች ላይ ቆሜ ተናግሬው ነበር፣ ግን አምስት ደቂቃ ብቻ ስለተሰጠኝ ግማሹን ዋጥኩት፣ እና እስቲ እዚህ እንደልቤ ልጻፈው፣ ረዘመ ብላችሁ እንዳትቀየሙኝ።

የምኖረው ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ነው፣ ኡበር ነው የምነዳው። ሩጫ የጀመርኩት በ43 ዓመቴ ነው፣ ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ሸሚዜ ሆዴ ላይ አልቆለፍ ሲለኝ። መጀመሪያ አንድ ማይል እንኳን ሳልጨርስ ቆሜ ጉልበቴን ይዤ ነበር የምተነፍሰው፣ ከዛ ቀስ በቀስ ነገሩ ያዘኝና በ2022 ማሪን ኮር ማራቶንን (እዚሁ ዋሽንግተን አካባቢ የአሜሪካ ባህር ወለድ ጦር የሚያዘጋጀውን) በ3 ሰዓት ከ34 ደቂቃ (3:34) ጨረስኩ። ልጅ ሆነን አባታችን የማሞ ወልዴን ነገር አውርቶ አይጠግብም ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1968 ሜክሲኮ ላይ ወርቁን ወሰደ፣ ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ ሙኒክ ላይ በአርባ ዓመቱ ነሐስ ደገመ እያለ። እና እኔም በዛ ዕድሜ ሰው አላለቀለትም የሚል ነገር ከልጅነቴ ጭንቅላቴ ውስጥ ነበር መሰለኝ፣ 3:34 ሳይበቃኝ ቦስተን አማረኝ።

ቦስተን ዝም ብለህ ከፍለህ የምትገባበት ማራቶን አይደለም፣ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ አሰባስበህ ካልሆነ በቀር ለዕድሜህ የተቀመጠውን ሰዓት ማምጣት አለብህ። ከ45 እስከ 49 ላለ ወንድ ያኔ 3:20 ነበር። ከኔ ሰዓት 14 ደቂቃ መቀነስ ማለት ነው፣ ሲወራ ቀላል ነው፣ አንዱን ማይል በ7 ደቂቃ ከ38 ሴኮንድ ሮጠህ እሱኑ 26 ጊዜ መድገም። ወረቀት ላይ 3:20 ብዬ ጻፍኩ፣ ከስሩ ኢሳይያስ 40:31 አልኩና ዳሽቦርዱ ላይ ለጠፍኩት (አንዱ ተሳፋሪ 3:20ም ጥቅስ መስሎት የየትኛው መጽሐፍ ነው ብሎኛል)። ጸሎቴም በየቀኑ ያው ነው፣ ጌታ ሆይ ይሄን ሰዓት ስጠኝ ለክብርህ እሮጣለሁ። ለክብርህ ያልኩት ትንሽ ቀባብቼው ነው፣ እውነቱን ከተናገርን የሚታየኝ ያንን የቦስተን ጃኬት ለብሼ ቸርች ፓርኪንግ ላይ ከመኪና ስወርድ ነው።

በ2023 ልምምዱ ጥሩ ጀመረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሳይነጋ ተገናኝተን የድሮው የባቡር ሐዲድ በነበረው መንገድ፣ ከሸርሊንግተን እስከ ፐርሰልቪል 45 ማይል በሚሄደው ላይ እንሮጣለን። አንድ የአርሲ ልጅ አለ፣ አገር ቤት ክለብ የሮጠ፣ ለኔ ብሎ ነው ቀስ የሚለው። ሚያዝያ ላይ በዛችው በ7:38 አስር ማይል ሄድኩ፣ ሰማይ ጠቀስኩ በቃ። ከዛ ግንቦት ላይ እግሬ ከበደኝ። ሰኔ ላይ 8:40 ከበደኝ። ሐምሌ ላይ ልጁ ፊት ፊቴ ወደኋላ እየሮጠ "ጋሼ ዛሬ እንቅልፍ አልተኙም እንዴ?" ይለኛል፣ እሱ እያወራ ወደኋላ እየሮጠ እኔ ወደፊት መሮጥ አቅቶኝ። ቤት ሁለተኛ ፎቅ ነን፣ ደረጃውን ስወጣ መሃል ላይ ስልክ የማይ መስዬ ማረፍ ጀመርኩ።

አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፣ ልቤን አዩ፣ ግፊት ለኩ፣ ዕድሜህ ነው ልምምዱን ቀንስ ብለው ሸኙኝ፣ ደም እንኳን አልቀዱም። ቸርች ደግሞ አንድ ወንድም የመንፈስ ውጊያ ነው ጾም ጨምር አለኝ፣ እኔም ሦስት ቀን ጾምኩ፣ በአራተኛው ቀን ልሮጥ ወጥቼ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጋድሜ ተገኘሁ። (ጾምን መናቄ አይደለም፣ የሆነውን ነው የምነግራችሁ።)

እና ሌላ አንድ ነገር ነበር፣ ከምንም አልቆጠርኩትም። በረዶ እበላ ነበር። ማደያ እገባና ትልቁን ብርጭቆ በረዶ ብቻ ሞልቼ ስነዳ ቀኑን ሙሉ ቀርጨም ቀርጨም፣ ሌሊት ሳይቀር ተነስቼ ፍሪጅ እከፍታለሁ። ሚስቴ "ጥርስህ ይረግፋል፣ አጥንት የሚቆረጥም ነው እኮ የምትመስለው" ትለኛለች። ሙቀቱ ነው እላታለሁ።

ሐምሌ መጨረሻ አንድ ሌሊት ደለስ ኤርፖርት ኡበር የሚጠብቅበት ቦታ ቆሜ ያቺን ወረቀት ሳያት ተናደድኩ። ያልኩትን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፣ "ይሮጣሉ አይታክቱም ብለሃል፣ እኔ ግን ታከትኩ። ወይ ፍጥነቴን መልስልኝ ወይ ምን እንደያዘኝ አሳየኝ፣ ዝም አትበለኝ።" እንደዚህ ነው ያልኩት፣ በቁጣ፣ አሜን እንኳን አላልኩም፣ ስልኩ ጮኸና ሰው ጭኜ ሄድኩ።

በሦስተኛው ቀን ከሌሊቱ አስር ሰዓት ላይ አንዲት ሴት ወደ ኤርፖርት ጫንኩ። ጨለማ ነው፣ እኔ በረዶዬን እቆረጥማለሁ፣ እሷ ከኋላ ዝም ብላለች። ከዛ በድንገት "በረዶ መብላት ከጀመርክ ስንት ጊዜህ ነው?" አለችኝ። ረበሽኳት ብዬ ይቅርታ ስላት፣ "አይደለም፣ ነርስ ነኝ፣ ይደክምሃል?" አለች። መሪውን ይዤ ዝም አልኩ። ዕድሜዬን ጠየቀችኝ፣ 47 አልኳት። "እንዲህ በረዶ የሚያምርህ አይረንህ፣ በደምህ ያለው ብረት፣ አልቆ ይሆናል። አንተ ወንድ ነህ፣ በየወሩ ደም አይፈስህም፣ አይረንህ ካለቀ ደሙ በሆነ ቦታ እየሄደ ነው ማለት ነው፣ የት እንደሚሄድ የሚፈልግልህ ሐኪም ፈልግ፣ ክኒን ሰጥቶ የሚሸኝህ አይደለም" አለችኝ። ሻንጣዋን አወረድኩላት፣ አምስት ዶላር ቲፕ ትታልኝ ገባች። ስሟን ከስልኩ ላይ አይቼዋለሁ፣ ግን ዳግመኛ አግኝቻት አላውቅም።

ሌላ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ሄሞግሎቢኔ (ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው) 8.9 ነበር፣ ለወንድ ከ13 በላይ መሆን ነበረበት። ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ "በዚህ ደም ነው እንዴ የምትሮጠው?" አለ። ኮሎኖስኮፒ ታዘዘልኝ፣ ትልቁን አንጀት በካሜራ የሚያዩበት ምርመራ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ2021 ጀምሮ መደበኛው ምርመራ ከ50 ወደ 45 ዓመት ወርዷል፣ ማስታወሻው ለኔም በፖስታ መጥቶልኝ ነበር፣ መሳቢያ ውስጥ ከድሮ የፓርኪንግ ቅጣቶች ጋር ተኝቷል። የዋዜማውን ሌሊት የሚጠጣውን ነገር አላወራላችሁም፣ አንድ ጋሎን ነው፣ 20ኛው ማይል ይሻላል። ሲያዩት በስተቀኝ በኩል ትልቁ አንጀቴ ላይ ዕጢ ተገኘ፣ ካንሰር ነው። በዛ በኩል ሲሆን ደሙ ቀስ እያለ ስለሚንጠባጠብ በዓይን አይታይም አሉኝ፣ እውነትም አንድ ቀን ደም አይቼ አላውቅም።

ያንን ሳምንት አልፈዋለሁ። ሚስቴ ኩሽና ቆማ ቧንቧውን ከፍታ ሳህን ሳይኖር ታጥብ ነበር፣ እሱን ብቻ ልበላችሁ።

መስከረም ላይ ኦፕራሲዮን ሆንኩ። ከዛ በፊት አይረን በደም ስር ሰጡኝ፣ ኮካ የመሰለ ጥቁር ነገር ነው፣ በሳምንቱ የበረዶ አምሮቴ ብን ብሎ ጠፋ። ከአንጀቴ ጋር 18 ንፍፊት አውጥተው መረመሩ፣ 18ቱም ንጹህ። ኬሞ አያስፈልግህም ተባልኩ። ሃሌሉያ በሉልኝ! ቀዶ ጥገና ያደረገልኝ ሐኪም ያለኝን ግን እስካሁን አልረሳውም፣ "ያን ያህል ባትሮጥ ኖሮ ድካሙን ከሥራ ነው ብለህ ትኖርበት ነበር፣ እኔም የማይህ ዘግይተህ ነበር" አለኝ። ያኔ ነው የገባኝ። አራት ወር ሙሉ ፍጥነት ስጠኝ እያልኩ ስጮህ እሱ ዝግታ ሲሰጠኝ ከርሟል፣ እኔ ደግሞ ጸሎቴን አልሰማም ብዬ ኩርፊያ ላይ ነበርኩ።

በ2024 ጥቅምት ማሪን ኮርን ደግሜ ሮጥኩ። ሄንስ ፖይንት ላይ የሞቱ ወታደሮች ፎቶ በመንገዱ ዳር ተደርድሯል፣ አብዛኞቹ ልጆች ናቸው፣ እዛ ጋ ሁሉም ሯጭ ጸጥ ይላል፣ የጫማ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው፣ እኔ እዛ ነው ያለቀስኩት። 20ኛው ማይል አካባቢ ድልድዩ ላይ ሰዓቴን ሳየው 3:20 የሚባል ነገር የለም፣ ጠባሳዬን በቲሸርቴ ላይ ነካ አደረግኩና ቀጠልኩ። የመጨረሻዋን ዳገት ወጥቼ 3:52 ገባሁ፣ ሜዳሊያውን ያጠለቀልኝ ወታደር የልጄ እኩያ ነው፣ ሰር ደህና ነህ ወይ እያለ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ፣ በአማርኛ ነበር የምመልስለት።

ቦስተን ደግሞ በዛው መስከረም የኔን ዕድሜ ሰዓት ወደ 3:15 አወረደው፣ አሳቀኝ። ግን 50 ዓመት ለሞላው ወንድ 3:20 ነው፣ እና አዎ አሁንም እፈልገዋለሁ፣ ጃኬቱንም ጭምር፣ አልዋሽም።

አንድ የጸሎት ርዕስ ልስጣችሁ። በቤተሰብ እንዲህ ያለ ነገር ከተገኘ ወንድምና እህት ከ40 ዓመት ጀምሮ፣ አንዳንዴም ቀደም ብለው መታየት አለባቸው። አዲስ አበባ ያለው ታናሽ ወንድሜ 43 ዓመቱ ነው። በየሳምንቱ እደውልለታለሁ፣ "አንተ ጸልይልኝ እንጂ እኔ ያንን ነገር አላደርግም" ይለኛል። እየጸለይኩለት ነው፣ እናንተም ጸልዩለት፣ እሺ እንዲል። ባለፈው ሳምንት ጋሎኑ ስንት ሊትር ነው ብሎ ጠይቆኛል።