አንድ ካፕሱል በአንድ ጉንጭ ውሃ

ብጉር አስቸግሮኝ ዶክሲሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክ ታዘዘልኝ። የፋርማሲዋ ልጅ «በብዙ ውሃ ውሰጂው» ብላኝ ነበር። እኔ ግን አንድ ቀን ማታ 5 ሰዓት ላይ ደክሞኝ አልጋ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ትዝ አለኝና ከሃይላንዱ ሥር በቀረች አንድ ጉንጭ ውሃ ዋጥ አድርጌው ተኛሁ።

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ደረቴ መሀል የሆነ ነገር ሲያቃጥለኝ ነቃሁ። ምራቄን ስውጥ ሚስማር የሚወርድ ነው የሚመስለው። እናቴ «ጨጓራሽ ተነስቶብሽ ነው» ብላ ተልባ በጠበጠችልኝ። እሱም ሲወርድ አሳመመኝ። ልቤ ነው ብዬ በጣም ፈራሁ።

ጠዋት ያየኝ ሐኪም ልቤን ከመረመረ በኋላ «መድኃኒት እየወሰድሽ ነው? እንዴት ነው የምትውጪው?» አለኝ። ስነግረው ወዲያው ገባው። የምግብ ቧንቧዬ ቆስሏል።

እኔ የዋጥነው ሁሉ በራሱ ቁልቁል የሚወርድ ይመስለኝ ነበር። ለካ የምግብ ቧንቧ 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ጡንቻ ነው፤ እየጨመቀ ነው የሚያወርደው። መሀሉ ላይ ደግሞ ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር ተጭኖት ጠበብ ይላል። ውሃ ያልገፋው ካፕሱል እዚያ ይቀራል፣ ሽፋኑ ርሶ ይጣበቃል፣ ዶክሲው ሲሟሟ ደግሞ እንደ አሲድ ነው፣ ያንን ስስ ግድግዳ ይልጠዋል። ተኝተን ከሆነ ምራቅም ስለሚቀንስ የሚያጥበው የለም።

ዶክሲ ብቻ አይደለም። አስፕሪን፣ ኢቡፕሮፌን፣ ነፍሰ ጡሮች የሚወስዱት የብረት እንክብልም እንዲሁ ያቆስላል። ለአጥንት መሳሳት የሚሰጠው አሌንድሮኔት ደግሞ ይብሳል፤ እሱን ጠዋት በባዶ ሆድ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ወስዶ ቢያንስ 30 ደቂቃ አለመተኛት ግድ ነው።

እኔን ሐኪሙ ዶክሲውን አስቁሞ የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ ኦሜፕራዞል ሰጠኝ። በርበሬ ተከለከልኩ፣ ቀዝቀዝ ያለ አጥሚትና እርጎ ላይ ሰነበትኩ። በ10ኛው ቀን እንጀራ ያለ ሕመም ዋጥኩ። ደም የሚያስታውከው፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ ወይም ምራቁን እንኳ መዋጥ ያቃተው ሰው ግን ቤት ተቀምጦ ተልባ መጠጣት የለበትም፤ ቶሎ ሆስፒታል ይሂድ። ደረቱን ያመመውም «ጨጓራ ነው» ብሎ አይተኛ።

አሁን የሚያሳስበኝ የእናቴ ነገር ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ኪኒን በምራቋ ስትውጥ ነው የኖረችው፤ ብዙ እናቶች እንደዚያ ናቸው። ማታ ማታ መድኃኒቷን ከመስጠቴ በፊት ትራስ ደግፌ ቁጭ አደርጋታለሁ፣ ትልቁን ብርጭቆ እሞላለሁ። «ይሄን ሁሉ ውሃ?» ትለኛለች። እስክትጨርሰው ቆሜ እጠብቃለሁ፣ ከዚያም ግማሽ ሰዓት እናወራለን።