ባዶዋን የተሞከረች መኪና

ሐዋሳ ላይ ጋራዥ የከፈተ ሰው «እቺን መኪና ከፍ አድርግልኝ» የሚል ደንበኛ አያጣም። ከተማ ውስጥ ሆኖ ሲታይ ቅንጦት ይመስላል። ወደ በንሳ፣ ወደ ሁላ፣ ወደ አርቤጎና የገባበት ግን ያውቀዋል። ዝናብ የጠጣ ቀይ አፈር ላይ አይሱዙ ካለፈበት ጥልቅ ቦይ ይቀራል፤ ፒክአፕ እዚያ ውስጥ ሲገባ ሆዱ መሀል ያለው ጉብታ ላይ ይቀመጥና ጎማው ባዶውን ይሽከረከራል። ስለዚህ ሰዉ የሚጠይቀው ቁመት ነው። እኔም እሠራለሁ፣ እንጀራዬ ነው።

መኪናዋ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ነበረች፣ ቪጎ የምንላት። ባለቤቷ በዕድሜ ጠና ያሉ ነጋዴ ናቸው፤ እሸት ቡና ከገበሬው እየሰበሰቡ ለመፈልፈያ ጣቢያ ያስረክባሉ። ከፍ የተደረገችው ሌላ ጋራዥ ነው። ከኋላ ባሌስትራው ላይ፣ ማለትም ጭነቱን በሚሸከመው በተደራረበው የብረት ቅጠል ላይ፣ ሁለት ቅጠል ተጨምሯል፣ ከፊት ከሞላው በላይ የብረት ቀለበት ገብቷል፣ ጎማዋም ከ265/65 አር 17 ወደ 285/70 አር 17 ተቀይሯል። ሲያዩዋት ታምራለች፣ መዋሸት አልችልም።

ቅሬታቸው ፍሬን ነው። «ልጄ፣ ይሄ ሹፌር ፍሬን ላይ ተኝቶ ነው የሚወርደው» አሉኝ፣ ልጁ አጠገባቸው ቆሞ እየሰማ። የፊት ፍሬን ሸራ፣ ዲስኩን ነክሶ የሚያቆመው፣ ገና ተቀየረ ሲባል ያልቃል። ከሀገረ ሰላም ወደ አለታ ወንዶ ቡና ጭኖ ሲወርድ የፊት ጎማው ጢስ አወጣና መንገድ ዳር አቁሞ እስኪበርድ ጠበቀ። ሀገረ ሰላም ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ሐዋሳ 1,700 ገደማ ናት። ያን ሁሉ ቁልቁለት ጭነት ይዞ የሚወርድ መኪና ፍሬን ሲደክምበት ቀልድ አይደለም። ሽማግሌው ልጁን ሊያሰናብቱት ቆርጠዋል፤ እኔ ጋ የመጡት ለማረጋገጫ ያህል ነው።

ከእኛ በፊት ያዩዋት መካኒኮች ሥራ አልፈቱም። የፍሬን ማስተሩ ተቀይሯል፣ ዲስኩ ቶርኖ ቤት ተልጧል፣ ዘይቱ ተለውጦ አየሩ ወጥቷል። ከዚያ ሁሉም እንደ ልማዱ ሜዳ አስፋልት ላይ አውጥተው ረገጡት፤ ቆመች፤ «ሰላም ናት» ብለው መለሷት። እኛም ስንረግጣት ቆመች።

ሹፌሩን ለብቻው ወስጄ ጠየቅሁት።

«ባዶህን ስትሆንስ?»

«ባዶዬን ምንም አትልም። ጭነት ሲኖር ነው እምቢ የምትለው። ስረግጥ አፍንጫዋ ይደፋል እንጂ ከኋላ የሚይዛት ነገር የለም። በእመቤቴ፣ በሁለተኛ ማርሽ ነው ይዤ የምወርደው።»

ከኋላ የሚይዛት ነገር የለም ያለው እውነት ይሁን አይሁን በዓይኔ ማየት ፈለግሁ። ግቢ ውስጥ ለግንባታ የመጣ አሸዋ ነበረ። በጆንያ እየሞላን ስድስት ኩንታል ያህል ጫንባትና ኮረት መንገድ ላይ አወጣናት። ረዳቴ ወርዶ ቆመ፣ ልጁ ረገጠ። የፊት ጎማዎቹ ረጅም መስመር ጎትተው ቆሙ። የኋላዎቹ ኮረቱን አልጫሩትም።

ተመልሰን የኋላውን ፍሬን ታምቡር ፈታን። የኋላ ሸራው ወፍራም እንደሆነ ቁጭ ብሏል፤ ፊቱ እንደ መስታወት ያበራል። የፊት ዲስኩ ደግሞ በሙቀት ብዛት ወደ ሰማያዊ ሄዷል። አንድ መኪና ላይ ሁለት ዓይነት ዕድሜ።

ረዳቴ ከሥር ተኝቶ መብራት እያበራ ጭቃ ሲያራግፍ አንዲት ቀጭን ዘንግ ወጣች። አንዱ ጫፏ የኋላው አክሲል ላይ፣ ሁለቱን የኋላ ጎማ በሚያያይዘው ብረት ላይ፣ ታስሯል፤ ሌላው ሻንሲው ላይ፣ የመኪናው አጥንት በሆነው ብረት ላይ፣ ካለ ትንሽ ቫልቭ ጋር ይገናኛል። ብዙ ፒክአፖች ላይ አለች፣ በጭቃ ተሸፍና ስለምትኖር ግን መኖሯን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ሥራዋ የጭነቱን መጠን ለፍሬኑ መንገር ነው። መኪናው ባዶ ሲሆን ኋላው ቀላል ስለሆነ ብዙ ፍሬን ቢሄድለት ጎማው ይታሰርና መኪናውን ያዞረዋል፤ ስለዚህ ቫልቩ ወደ ኋላ የሚሄደውን ግፊት ይቀንሳል። ሲጫን ባሌስትራው ይተኛል፣ ሻንሲው ወደ አክሲሉ ይቀርባል፣ ዘንጓ ቫልቩን ትገፋለች፣ ግፊቱ ይለቀቃል።

አሁን ባሌስትራው ላይ ሁለት ቅጠል ተጨምሮ ሻንሲው ከአክሲሉ ሲርቅ ዘንጓ ምን እንደምትል አስቡት። ጋራዡ ውስጥ ለዘይት የቆመች ያልተነካች ቪጎ ነበረችና ሜትር ይዘን ገባን። የእኛዋ ባዶዋን በስድስት ሴንቲሜትር ትበልጣለች። ስድስቱን ኩንታል እንደጫነችም ከዚያችኛዋ ባዶ ቁመት በታች አልወረደችም። በዘንጓ ቋንቋ መኪናዋ ሁልጊዜ ባዶ ናት። ጠቅላላው ቁልቁለት የፊት ፍሬን ላይ ወድቋል ማለት ነው።

ጎማውም የራሱን ጨምሮበታል። የድሮው ቁመቱ ከዳር እስከ ዳር ሲለካ 776 ሚሊ ሜትር ነው፣ አዲሱ 831። ሰባት በመቶ ትልቅ ጎማ ለማቆም በዚያው ልክ የበለጠ መርገጥ ይጠይቃል፤ ማርሹም በሰባት በመቶ ስለሚረዝም ሁለተኛ ማርሽ እንደ ድሮው አይዝም። ዳሽቦርዱ 80 ሲል መኪናዋ ወደ 86 ትሄዳለች። ልጁ የማለው በከንቱ አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካላልኩ ያንቀኛል። ይህችን ዘንግ የሚያውቁ አንዳንድ መካኒኮች በሽቦ ወደ ላይ ጠፍረው ይተዋታል። ከኋላ ሙሉ ፍሬን ይመጣል፣ ደንበኛው ደስ ብሎት ይሄዳል። ከዚያ ጭነቱን አራግፎ በዝናብ ሲመለስ አንዴ ጠንከር አድርጎ ቢረግጥ ኋላው ቀድሞ ይታሰርና መኪናው መንገዱን አቋርጦ ይዞራል። ከማይዝ ፍሬን ይልቅ ይሄ ያስፈራኛል።

እኛ ያደረግነው የዘንጓን የአክሲል ማሰሪያ ማስረዘም ነው። ቶርኖ ቤት ከወፍራም ላሜራ ቅንፍ አስቆረጥን፣ ልኩን በቁመቱ ጭማሪ ያህል አደረግነው። ከተጨመሩት ቅጠሎችም አንዱን አወጣን፣ ምክንያቱም ባሌስትራው ከደነደነ ጭነት ሲጨመር ብዙ አይተኛም፣ ዘንጓም ለውጡን አታይም። በዚህም ከተጨመረው ቁመት አንድ ጣት ያህል አጣን። አሮጌው የኋላ ሸራ በብርጭቆ ወረቀት ተፈገፈገ። ከዚያ አሸዋው እንደተጫነ፣ በኋላም አራግፈን፣ ያው ኮረት ላይ ደገምነው። ስትጫን አራቱም ጎማ ጫረ፣ የፊቶቹ ቀደም ብለው፤ ባዶዋን ደግሞ የኋላዎቹ ሳይታሰሩ ቆመች። መሆን ያለበት እንደዚያ ነው።

ጋሼን አስጠርተን ከሥር ጎንበስ ብለው እንዲያዩ አደረግን። ዘንጓን በጣታቸው ነካ አድርገው «ይቺ ናት?» አሉ። ወደ ልጁ ዞረው ይቅርታ አልጠየቁም፣ በእሳቸው ዕድሜ ያለ ሰው ከሠራተኛ ፊት አያደርገውም። ግን ቁልፉን ለእኔ ሳይሆን ለእሱ ሰጡት፤ ምሳም አብረው በሉ።

ጥያቄያቸው ግን አላለቀም። «ታዲያ ከፍ ማድረጉ ከንቱ ነው?» ከንቱ አይደለም። ሻንሲውንና ሆዱን ያነሳል፣ ጉብታ ላይ መቀመጥን ይቀንሳል። የኋላውን ዲፈረንሻል፣ አክሲሉ መሀል ያለውን የማርሽ እብጠት፣ ግን በአንድ ሚሊ ሜትርም አያነሳውም፤ እሱ ከአክሲሉ ጋር መሬቱ ላይ ነው ያለው። እሱን የሚያነሳው ጎማ ብቻ ነው፣ ያ ሁሉ ወጪ የወጣበት የ285 ጎማም ያነሳው ሦስት ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም። እንዲያውም ጭቃ ላይ ከመግባት በፊት የጎማውን ንፋስ ከ35 ወደ 20 ፒ.ኤስ.አይ ዝቅ ማድረግ ሳንቲም አያስወጣም፣ ከብዙ ብረትም ይሻላል። መውጫው ላይ መልሶ መንፋት ብቻ ነው የሚያስፈልገው፣ ሰዉ ግን ፓምፕ መያዝ ይሰለቸዋል።

«ላንድክሩዘር ብገዛስ?» አሉ ደግሞ። ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመረተው ባለ 70 ቁጥሩ፣ ፊቱም ኋላውም ድፍን አክሲል ያለው፣ ለጭነትና ለድንጋይ መንገድ የሚፎካከረው የለም ብል አላጋነንኩም። ጭቃ ላይ ግን ክብደቱ ይጎትተዋል። ቪ8 ሞተር የገባላቸው ደግሞ ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ የፊት እግራቸው ሰፍቶ የኋላው እንደ ጠበበ ስለቀረ፣ በዘጠኝ ሴንቲሜትር ገደማ ይለያያሉ፤ የኋላው ጎማ የፊቱ በቀደደው አይሄድም፣ የራሱን ቦይ ይቆፍራል። የልጃቸው ጓደኛ የያዛት አዲሷ ሱዙኪ ጂምኒ ትልልቆቹ በሰጠሙበት ስታልፍ አይተዋል። እውነት ነው፣ አንድ ቶን ከመቶ ኪሎ ገደማ የምትመዝን፣ ፎር ሎው፣ ማለትም አራቱንም ጎማ በዝግታና በጉልበት የሚያዞር ማርሽ፣ ያላት፣ ድፍን አክሲል ያላት ትንሽ መኪና ጭቃው ላይ ትንሳፈፋለች። ግን አይሱዙ የቆፈረው ቦይ ለእሷ ይሰፋባታል፤ አንድ እግሯ ቦዩ ውስጥ ሌላው ጉብታው ላይ ሆኖ ተጋድማ ትሄዳለች። እሸት ቡናስ የት ላይ ይጫናል? ለእሳቸው ሥራ ይቺው ሃይሉክስ ትሻላለች አልኳቸው፤ የፊት አክሲሏ ድፍን ባይሆንም መንገዱንም ጭነቱንም ትችላለች።

የቀረው ትርፍ ጎማ ነው። 285ቱ ከካሶኒው ሥር ያለው ቦታ ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህ የተንጠለጠለው የድሮው 265 ነው። ልዩ ልዩ መጠን ያላቸው ጎማዎች አስገብቶ ፎር ዊል ማድረግ ደግሞ አይቻልም፣ ፊትና ኋላው እኩል ስለማይዞሩ ማከፋፈያው ካምቢዮ ይጨናነቃል፣ ማርሹም ተነክሶ ይቀራል። ጭቃ መሀል ጎማ ከፈነዳ ፎር ዊል የለም ማለት ነው። አንድ 285 ገዝተው ካሶኒው ላይ እንዲያስሩ ነገርኳቸው። «እሱ የሚይዘው ቦታ አንድ ጆንያ ቡና ነው» አሉኝ፤ እስካሁን አልገዙም።