«ያቺ ፈቃድ በስንት ትወጣለች?»

ሰሞኑን አንድ የአዲስ አበባ ጓደኛዬ ቴሌግራም ላይ «ያቺ የታክስ ፈቃድ በስንት ትወጣለች?» አለኝ። በስንት ትወጣለች! በደላላ የምትጨረስ መስሎታል። ሳቅኩበት። ወዲያው ግን ያወጣሁትን መደመር ጀመርኩና ሳቄ ቆመ።

ፈቃዷ ኢንሮልድ ኤጀንት ትባላለች። አይአርኤስ፣ ማለትም የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት፣ ፊት ስለ ሰው ቆመህ እንድትከራከር ታስችልሃለች። ፈተናው ሦስት ክፍል ነው፤ የግለሰብ፣ የንግድ፣ ከዚያ ውክልና። እያንዳንዱ 100 ጥያቄ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል። ለአንዱ ክፍል ከ200 ዶላር በላይ ትከፍላለህ፤ ከወደቅክ እንደገና ትከፍላለህ። እኔ አራት ጊዜ ከፍያለሁ። ሲያልፉ ደግሞ ለምዝገባ 140 ዶላር። መጽሐፉንና ኡበር ያልነዳሁባቸውን ቅዳሜዎች ተዋቸው።

ገንዘቡስ ይሁን። የመጀመሪያ ቀን የፈተና ጣቢያው በር ላይ አንዲት ሴትዮ «ኪስህን ገልብጥ» አለችኝ። ግራው ባዶ። ቀኙን ስገለብጠው ቆሎ ምንጣፉ ላይ ተበተነ። ሌሊት ስነዳ እንቅልፍ እንዳይጥለኝ የምቆረጥመው፣ እማዬ የላከችው ገብስና ሱፍ ነው። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ አየችውና «የወፍ ምግብ ነው?» አለች። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል። አገር ቤት ስምንት ዓመት የሒሳብ ሹም የነበርኩት ሰውዬ ተንበርክኬ ቆሎ ለቀምኩ። ቀጥሎ እጅጌህን ሰብስብ፣ መነጽርህን አምጣ። እኛ ተማሪ ሳለን አጤሬራ ካልሲ ውስጥ ይደበቅ ነበር፤ ማንም አልፈተሸንም። እዚህ በቆሎ ተጠረጠርኩ።

ሁለተኛውን ክፍል ወደቅኩ። ማለፊያው 105፣ የእኔ 103። ደግሞ ላለፈ ሰው ነጥቡን አይነግሩትም፣ «አልፈሃል» ብቻ ነው። ቁጥሩ ለወደቀ ነው የሚሰጠው፤ እንቅልፍ እንዲያጣ መሰለኝ።

ዲግሪዬንማ ማን ጠየቀኝ? እማዬ በመስታወት አሠርታ ሳሎን ሰቅላዋለች፣ እዚያው ይቀመጥ። ለዚህ ፈተና ዲግሪ አያስፈልግም። የራስህን ታክስ በወጉ ማስገባትህን ግን ሳያጣሩ አይመዘግቡህም። ይኼ ሕጋቸው ደስ ይለኛል።

የሚያናድደው፣ እኔ ባለሁበት ቨርጂኒያ የሰው ታክስ ለመሥራት፣ ማለትም ዓመታዊ የታክስ ፎርሙን ለመሙላት ብቻ፣ ፈተና የለም። ፒቲን የምትባል የታክስ ሠሪ መለያ ቁጥር በየዓመቱ 20 ዶላር ገደማ ከፍለህ ታወጣለህ፣ አለቀ። ስለዚህ ትኬት የሚቆርጠው፣ በርበሬ የሚሸጠው ሁሉ ታክስ ይሠራል። ደንበኛው ሪፈንድ፣ የታክስ ተመላሹ፣ በዛልኝ ብሎ ይመርቃል። ተመላሹ እንዲበዛ ወንደላጤውን የሁለት ልጆች አባት አድርገውት እንደሆነ የሚያውቀው የአይአርኤስ ደብዳቤ ሲመጣ ነው። ያኔ የሠራለት ሰው ስልክ አያነሳም፤ ወደ እኔ ይመጣል። አዲስ የምትመጡ ልጆች፣ ገንዘብ ተቀብሎ ሠርቶላችሁ ፎርሙ ላይ የማይፈርም ሰው ካጋጠማችሁ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ውጡ። መፈረም ግዴታው ነው።

ይህን ሁሉ ለጓደኛዬ ጻፍኩለት። አነበበውና ትንሽ ቆይቶ፣ «እዚያ ቢሮ የምታውቀው ሰው የለም?» አለኝ።