ባንኮክ ላይ ሙዋይ ታይ ሞከርኩ

ባንኮክ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ነጋዴ ነው፣ ወይ ታካሚ፣ ወይ አስታማሚ። እኔ ሦስተኛዋ ነበርኩ። እማዬ ምርመራዋን ጨርሳ ከሰዓት በኋላ ስትተኛ እኔ ስልኬን እየጎረጎርኩ እቀመጣለሁ። ከሆቴላችን ጀርባ ካለው ጠባብ መንገድ ግን በየቀኑ «ጧ! ጧ!» የሚል ድምፅ ይመጣል። ጋራዥ መስሎኝ ነበር። ውሃ ልገዛ ስወጣ አየሁት፤ የሙዋይ ታይ፣ ማለትም የታይላንዶች ቦክስ፣ ጂም ኖሯል። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ዙሪያው ክፍት፣ ኤሲ የሚባል ነገር የለም። ዋጋው መግቢያው ላይ ተለጥፏል፦ ለአንድ ልምምድ 500 ባት። በማግስቱ ሄድኩ።

ስፖርተኛ አይደለሁም። አዲስ አበባ ሳለሁ አልፎ አልፎ ኤሮቢክስ እሠራለሁ፣ ከዚያ ያለፈ የለኝም። ሰው መትቼም አላውቅም፤ ልጅነታችን ላይ ከወንድሜ ጋር የተደባደብነው ካልተቆጠረ።

ለማያውቀው ባጭሩ ልንገራችሁ። በተለመደው ቦክስ የሚመታው በቡጢ ብቻ ነው። ታይላንዶች ሁለት ቡጢ፣ ሁለት ክርን፣ ሁለት ጉልበት፣ ሁለት ቅልጥም ብለው ስምንት መሣሪያ ይቆጥራሉ። በዚያ ላይ አንገት ለአንገት ተያይዞ መታገል አለ። ዛሬ ጓንት ያደርጋሉ እንጂ እስከ 1920ዎቹ ድረስ (በእነሱ አቆጣጠር አይደለም፣ በፈረንጆቹ ነው የምለው) እጃቸውን በገመድ ጠቅልለው ነበር የሚፋለሙት።

ስገባ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። ቪክስ ቪክስ ይላል። ከልምምድ በፊት ቅልጥማቸውንና ትከሻቸውን የሚታሹበት ቅባት ነው፤ ያቃጥላል፣ ከዚያ ያሞቃል። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ይሄ ለእኛ አዲስ አይደለም።

አሰልጣኙ ጎልማሳ ሰው ነው፤ ሁሉም «ክሩ» (በታይኛ መምህር ማለት ነው) እያሉ ይጠሩታል፣ እኔም ተከተልኩ። እንግሊዝኛው ጥቂት ስለሆነ በምልክት ነው የተግባባነው። ጉትቻና ቀለበት አውልቂ አለኝ፤ አወለቅኩ። ከዚያ ወደ ማተቤ ጠቆመ። ራሴን በእንቢታ ነቀነቅኩና መስቀሌን አሳየሁት። ትንሽ አሰበ። እሱም ከካናቴራው ሥር የቡድሃ ምስል ያለበት የአንገት ክታቡን መዝዞ አሳየኝ። ተሳሳቅን። ፕላስተር አመጣና መስቀሉን ደረቴ ላይ እንድለጥፈው ሰጠኝ። ማተብ ያላችሁ ይህን ልብ በሉ፤ ሳይለጠፍ ቢቀር ወይ ይበጠሳል ወይ ይወጋችኋል።

ቀጥሎ ፋሻ። አራት ሜትር ተኩል የሚሆን ጨርቅ በእጅ አንጓ፣ በጣቶች መሃልና በቡጢው አጥንት ላይ ይጠቀለላል። የሚጠብቀው የእጄን ቆዳ መስሎኝ ነበር፤ ዋናው ሥራው ግን አንጓ እንዳይታጠፍና የእጅ ትንንሽ አጥንቶች እንዳይፈናቀሉ መያዝ ነው። የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የጂሙ ፋሻም ጓንትም የሌላ ሰው ላብ የጠጣ ነው፤ ጓንቱን ሳወልቅ እጄ የሸተተውን አልነግራችሁም።

ማሟሟቂያው ገመድ መዝለል ነው። እዚህ ላይ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። የባንኮክ ሙቀት ደረቅ አይደለም፤ አየሩ ራሱ ውሃ ነው። ከጎኔ ያሉት ልጆች እያወሩ ይዘላሉ።

ስለ አቋቋም፣ ስለ ቀጥታ ቡጢ ብዙ የምለው የለኝም። የትም ጂም ብትሄዱ ያንኑ ነው የሚያስተምሯችሁ። ልቤን የወሰደው ርግጫው ነው። እኔ የማውቀው ርግጫ ኳስ እንደመምታት ነበር፤ ከጉልበት በታች፣ በእግር አናት። ክሩ አስቆመኝና የግራ እግሬን ወደ ጎን ሰያፍ አስረገጠኝ። ተረከዜን ከመሬት አስነሳው። ከዚያ ዳሌዬን በሁለት እጁ ይዞ አዞረው። ዳሌ እንደ በር ሲዞር እግር ራሱ ይከተላል፤ ማንሳት አያስፈልግም። ቀኝ እጅ ወደ ታች ይወረወራል፣ ግራ እጅ ፊት ላይ ይቀራል። የሚያርፈው ደግሞ ቅልጥም ነው። የእግር መዳፍ በትንንሽ አጥንቶች የተሞላ ስለሆነ የሰው ክርን ላይ ካረፈ ሊሰበር ይችላል። አንዴ በትክክል ሲገጥምልኝ ክሩ ምቱን የሚቀበልበት ወፍራም ፓድ «ጧ!» አለ። ሆቴል ውስጥ የምሰማው ድምፅ!

ያ ድምፅ አሰከረኝ መሰለኝ፣ በኃይል መምታት ጀመርኩ። ክሩ ፓዱን አወረደ። ወደኔ መጥቶ ትከሻዬን በሁለት እጁ ያዘና ዕቃ እንደሚያራግፍ አራገፈው። «ሳባይ፣ ሳባይ» ይላል፤ ዘና በይ ማለቱ ነው። ጥርሴን ነክሼ፣ ትከሻዬን ጆሮዬ ድረስ ሰቅዬ፣ ትንፋሼን ይዤ ነበር። አንድ ዙር ሦስት ደቂቃ ነው። ትንፋሽ ይዞ ሦስት ደቂቃ የሚማታ ሰው የለም። በእያንዳንዱ ምት ላይ «እሽ» ብለሽ አስወጪ አለኝ። አሳፋሪ ነገር ነው መጀመሪያ ላይ። ግን ድምፅ ስታወጡ ሳትፈልጉ ትተነፍሳላችሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ዙር ቀለለኝ። ጉልበት አልጨመርኩም፣ ያባከንኩትን ነው የተውኩት። ከዚያ ክፍል ይዤ የወጣሁት ትልቁ ነገር ይሄ ነው፤ ጀማሪን የሚያደክመው ምቱ ሳይሆን በምትና በምት መሃል ሰውነቱን ገትሮ መቆየቱ ነው።

ሁለተኛው የወደድኩት በእግር መዳፍ የሚገፋው «ቲፕ» ነው። ጉልበት አንስቶ፣ ዳሌን ወደፊት ልኮ፣ የተጋጣሚን ሆድ መግፋት። የሚጎዳ ብዙም አይመስልም፤ ግን የሚመጣውን ሰው ባለበት ያስቆመዋል። እንደኔ እግሯ ረዘም ላለ ሴት ከዚህ የተሻለ ነገር የለም።

መያያዙ ላይ ግን ተዋረድኩ። ክሩ ከአንድ ትንሽ ልጅ ጋር አጣመረኝ። ቁመቱ ደረቴ ጋ ነው። አንገቴን በሁለት እጁ ያዘ፣ ክርኖቹን ደረቴ ላይ ጠጋ አደረገ፣ አለቀ። ወደ ፈለገበት ወሰደኝ። ጉልበቱን ጎኔ ላይ እየነካካ ይስቃል። ልጁ ከኢሳን የመጣ ነው፣ ከሰሜን ምሥራቁ የገበሬ አገር። እዚያው ጂም ይኖራል፣ ጠዋትና ማታ ይለማመዳል፣ ሲጋጠም ገንዘቡን ለቤተሰብ ይልካል። እኔ ለመዝናናት የገባሁበት ቦታ ለእሱ ሥራው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የ13 ዓመት ልጅ ሪንግ ላይ ተመቶ ከሞተ በኋላ የሕፃናት ግጥሚያ እንዲቆም ታይላንድ ውስጥ ትልቅ ክርክር ተነስቶ ነበር። ሌላ መንገድ የሌለው ቤተሰብ እንዳለ ይገባኛል። ቢሆንም የልጅ ጭንቅላት መመታት የለበትም ባይ ነኝ።

በማግስቱ እጄን ያመኛል ብዬ ስጠብቅ ያመመኝ ዳሌዬ፣ ባቴና ቅልጥሜ ነው። ከአልጋ ስነሳ ያየችኝ እማዬ «ምነው ልጄ፣ ማን መታሽ?» አለችኝ። ከፍዬ ነው የተመታሁት ብላት አልገባትም። ቅልጥም ላይ በረዶ አድርጉ፤ ኦአርኤስም አይጥፋችሁ፣ በዚያ ሙቀት ውሃ ብቻ አይበቃም። የጉልበት ወይም የወገብ ችግር ያለበት ደግሞ ከመጀመሩ በፊት ይናገር። የእግር ጥፍር መቁረጥም አትርሱ፣ ለሌላው ስትሉ።

ከመመለሳችን በፊት እማዬን ይዤ ራጃዳምነን ስታዲየም ገባሁ። እ.ኤ.አ. ከ1945 ጀምሮ ያለ ነው። ተፋላሚዎቹ ግንባራቸው ላይ የተባረከ ማሰሪያ አድርገው፣ በዝግታ እየተሽከረከሩ ለመምህራቸው ክብር ይጨፍራሉ። ማሰሪያው ከወለቀ በኋላ ነው ግጥሚያው የሚጀመረው። የከበሮና የሚነፋ መሣሪያ ሙዚቃ ሙሉ ጊዜውን ይሰማል፤ ፍልሚያው ሲግል እሱም ይፈጥናል። በባህላዊው ሕግ አምስት ዙር ነው፣ በየመሃሉ ሁለት ደቂቃ ዕረፍት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ብዙ ጊዜ መጠናናት ናቸው፤ ቁርጡ የሚለየው ሦስተኛውና አራተኛው ላይ ነው። እማዬ ሁለቱን ዙር በነጠላዋ ዓይኗን ሸፍና አማተበች። ሦስተኛው ላይ ነጠላው ወረደ። አራተኛው ላይ ሰማያዊ የለበሰው እየተገፋ ገመዱ ጋ ሲደርስ ክንዴን ጨበጠችኝ፦

«ይሄ ልጅ ምን ነካው? በእግሩ ገፋ አያደርገውም?»