ሁለት ሳምንት ብቻ የሚቀዘቅዝ ላፕቶፕ

በፕሮሰሰሩና ሙቀቱን በሚወስድለት ብረት (ሂትሲንክ) መሃል የሚቀባውን ፔስት ትቼ ወደ ሌላ ነገር ከዞርኩ ዛሬ አራት ወር ሞላኝ። ያው ላፕቶፕ፣ ያው ፋን፣ ያው የቪዲዮ ሥራ። ከመጀመሪያው ሳምንት ወዲህ ግን ፕሮሰሰሩ ከ84 ዲግሪ አላለፈም። በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ የከፈትኩት ማሽን ስለሆነ ትንሽ ብኩራራ አትፍረዱብኝ።

አጀማመሬ ብዙ የሚወራለት አይደለም። ዴስክቶፕ ላይ ነው የተለማመድኩት። አሮጌውን ፔስት በአልኮል ጠርጌ፣ መሃል ላይ የአተር ፍሬ የምታህል ጠብ አድርጌ፣ ሂትሲንኩን መልሼ አሰርኩ። ሠራ። አንዴ ብቻ የሂትሲንኩን መከላከያ ፕላስቲክ ሳልልጥ ገጥሜው ግማሽ ቀን ፕሮሰሰሩን ስረግም ውያለሁ። እሱን እንለፈው። ፔስቱ በነጥብ ይቀባ፣ በመስመር ወይስ በመስቀል የሚለው ክርክር ዴስክቶፕ ላይ ጊዜ ማባከን ይመስለኛል። ሂትሲንኩ ሲጫነው ራሱ ያሰራጨዋል። ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ዓይነት ከሆነ፣ ትንሽ ቢበዛ እንኳ በጎን ይወጣና ማጽዳቱ ነው የሚያሰለቸው።

ላፕቶፑ ግን ጉዴን አወጣው።

ሥራ ሲበዛበት 97 ዲግሪ ይደርስና ራሱን ያንቀራፍፋል። ከፍቼ አዲስ ፔስት ቀባሁት። 82 ገባ። ለሰው ሁሉ አወራሁ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ 90 ሆነ። በወሩ 96። አቀባቤ ነው ብዬ ደገምኩት። እንደገና 82፣ እንደገና ሁለት ሳምንት፣ እንደገና ወደ ላይ። ያኔ እልህ ያዘኝና ማሸጊያው ላይ ትልቁ ቁጥር የተጻፈበትን ፔስት ገዛሁ። 80 ገባ። ሁለት ዲግሪ! እሱም በሁለተኛው ሳምንት እንደ ወንድሞቹ ሆነ።

ስለዚያ ቁጥር አንድ ነገር ልበል። ሙቀት የማስተላለፍ አቅም ነው፤ በዋት በሜትር ኬልቪን ይለካል። አየር 0.026 አካባቢ ነው፣ መዳብ ወደ 400። የምንገዛቸው ፔስቶች በአብዛኛው ከ4 እስከ 14 ባለው ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ምርጡ ፔስት ራሱ ከመዳብ ጋር ሲተያይ ምስኪን ነው። ሥራው ብረት ከብረት የማይነካካበትን ጥቃቅን ክፍተት መሙላትና አየሩን ማስወጣት ብቻ ነው። የንብርብሩን ውፍረት በግማሽ ብትቀንሱት ቁጥሩን በእጥፍ እንዳሳደጋችሁት ይቆጠራል። እኔ ግን ማሸጊያ እያነበብኩ ብሎኖቹን እንደ ነገሩ አጠብቅ ነበር። ሂትሲንኩ ላይ ከየብሎኑ አጠገብ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ተብሎ መቀረጹን ያየሁት ሦስተኛው ጊዜ ላይ ነው። በዚያ ቅደም ተከተል፣ ጥቂት በጥቂት ነው የሚጠብቀው። አንዱን እስከ መጨረሻ አጥብቄ ወደ ሌላው ስሄድ ሂትሲንኩ አንድ ጎኑ ይነሳ ነበር ማለት ነው።

መልሱን ያገኘሁት በዚያው በሦስተኛው ጊዜ፣ ከመጥረጌ በፊት ቆም ብዬ በማየቴ ነው። የላፕቶፕ ፕሮሰሰር እንደ ዴስክቶፑ የብረት ክዳን የለውም። ሲሊከኑ፣ ማለትም ቺፑ ራሱ፣ ራቁቱን ነው፤ ሂትሲንኩ በቀጥታ ያርፍበታል። የሲሊከኑ መሃል እንደ መስታወት ያብረቀርቅ ነበር፤ ፊቴን አየሁበት። ፔስቱ የት ሄደ? ዙሪያውን በጠርዙ ላይ እንደ አጥር ተከምሯል። አልደረቀም፤ በጣቴ ስነካው ለስላሳ ነው። ቦታውን ለቆ ወጥቷል እንጂ አልተበላሸም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲሞቅ ሲሊከኑም የሂትሲንኩ መዳብም ይለጠጣሉ፣ ግን እኩል አይደለም። ሲቀዘቅዙ ይመለሳሉ። በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ክፍተቱ ጠበብ ሰፋ እያለ ፔስቱን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ቀጭንና ፈሰስ የሚለው ፔስት ቶሎ ይሸሻል። ለመቀባት የሚመቸኝን፣ ልስልሱን እየመረጥኩ ችግሩን በገንዘቤ ስገዛ ነበር። ወፍራሙ ሲቀቡት ያስለቅሳል፣ ግን ይቆያል።

በፔስት ፈንታ የሚቀባው ፈሳሽ ብረትም አጓጉቶኝ ነበር። ሙቀት በማስተላለፍ ፔስትን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ግን ጋሊየም የተባለ ብረት ስላለበት አሉሚኒየም ሲነካ ይበላዋል፤ ኤሌክትሪክም ስለሚያስተላልፍ አንዲት ጠብታ ቦርዱ ላይ ብታመልጥ አለቀ። በሁለተኛው መክፈቴ ባትሪውን ሳልነቅል እንደሠራሁ ትዝ አለኝና የኔ ዓይነቱ ሰው እሱን መያዝ የለበትም አልኩ።

በመጨረሻ የወሰድኩት ፔስት ሳይሆን የሃኒዌል ፒቲኤም 7950 የተባለውን ስስ ሉህ ነው። ሲቀዘቅዝ ጠጣር ነው፤ ከ45 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ይለሰልስና ክፍተቱን ይሞላል፤ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይጠጥራል። እንደ ፔስት አይሸሽም። ማሸጊያው ላይ ያለው ቁጥር ከዚያ ውድ ፔስቴ ያንሳል፤ ይህን ሳይ ሳቄ መጣ።

አለጣጠፉ ትዕግሥት ይጠይቃል። በሲሊከኑ ልክ ይቆረጥና ከሁለቱም ፊት መሸፈኛው ይላጣል። የመጀመሪያውን ሉህ በሞቀ ክፍል ውስጥ ስልጥ ከፕላስቲኩ ጋር ተያይዞ ተቀደደ። ሁለተኛውን ማቀዝቀዣ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አቆየሁት፤ ጠንከር ብሎ በጥፍሬ ጫፍ ጥርት ብሎ ተላጠ። ከጻፍኩት ሁሉ ሌላውን ብትረሱ እንኳ ይህቺን ያዙ።

የመጀመሪያው ምሽት ላይ 91 አየሁና ልቤ ቀጥ አለ። ካቻቪቴውን አንስቼ ነበር። ደግነቱ ደክሞኝ ተኛሁ። ለካ ቀልጦ እስኪሳሳና በደንብ እስኪቀመጥ ጥቂት ጊዜ መሞቅና መቀዝቀዝ አለበት። በሁለተኛው ቀን 87፣ በሳምንቱ 83።

ሚሞሪው ላይ ያሉትን ወፍራም ለስላሳ ፓዶች ግን በፔስት አትተኩ። እዚያ ክፍተቱ ሰፊ ነው፤ ፔስት አይሞላውም። እኔ አንዱን ቀድጄው ነበር፤ ቁርጥራጩን ገጣጥሜ መለስኩት፤ እስካሁን ይሠራል፤ ግን እንደኔ አታድርጉ።

ዴስክቶፑ አሁንም ያንኑ አሮጌ ፔስት እንደተቀባ ነው። ሦስት ዓመት አልፎታል፤ 70 ዲግሪ ላይ ነው። እጄን ይበላኛል፤ እስካሁን ግን አልነካሁትም። ላፕቶፑን በሚቀጥለው ሳምንት አቧራውን ለማራገፍ እከፍተዋለሁ፤ ሂትሲንኩን ሳላነሳ።